የአቶ ተስፋነህ ባዩ የሕይወት ታሪክ፦ አርባ ዓመት ከሞተር፣ ሰባት ወር ከአንድ መኪና ጋር

አቶ ተስፋነህ ባዩ ከአባታቸው ከአቶ ባዩ ወርቁና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዓለሚቱ ሀብተማርያም ጥቅምት 12 ቀን 1950 ዓ.ም. በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት ተወለዱ። ቀኑን በትክክል የምናውቀው የክርስትና አባታቸው በዳዊታቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ ስለጻፉት ነው። እርሳቸው ሲጠየቁ «መኸር ሊገባ ሲል» ከማለት በቀር ቀን ጠርተው አያውቁም።

እንደ እኩዮቻቸው በቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ቀጥሎም ደብረ ታቦር ከተማ ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ዘጠነኛ ያልገቡት አእምሮ አንሷቸው አልነበረም። በ1966 ዓ.ም. አንድ የጭነት መኪና ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተበላሽቶ ሦስት ቀን ቆመ፤ እርሳቸውም ሦስቱን ቀን ከመኪናው ሥር ዋሉ። በአራተኛው ቀን መምህራቸው ሊፈልጓቸው ሲወጡ መኪናው ተነሥቶ ሄዷል፤ ተማሪውም አብረው ሄደዋል።

ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት በመንገድ ሥራ ጋራዥ ተቀጥረው ሙያውን ተማሩ። በ1972 ዓ.ም. እጃቸውን ሞተር ውስጥ ከተው እየሠሩ ሳለ አንድ ባልደረባቸው ሳያይ ሞተሩን አስነሣው፤ የሞተሩ ተሽከርካሪ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሁለት የግራ እጅ ጣቶቻቸውን ቆረጠ። ስለዚህ ነገር አያወሩም ነበር። ነገር ግን በኋላ በከፈቱት ጋራዥ የሞተር መክደኛው ኮፈን ተከፍቶ ሳለ የመኪና ቁልፍ የነካ ሰው ዳግመኛ በበሩ አይገባም ነበር።

ጥር 1975 ዓ.ም. ከወ/ሮ ወርቅነሽ አገኘሁ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ወንድ ልጃቸውን ካሳውንና ሴት ልጃቸውን ማስተዋልን ወለዱ። ካሳው ይፋግ በግብርና ባለሙያነት ያገለግላል። ማስተዋል በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቃ ከወላጆቿ ጋር ትኖራለች። የምሕንድስና ትምህርቷ በአባቷ ጋራዥ ምንም ዓይነት ዋጋ እንዳልነበረው ከዚህ በታች ይታያል።

በ1977 ዓ.ም. የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ከገሳይና ከነፋስ መውጫ በኩል የሚመጡ ሾፌሮች «አያ ተስፋነህ» እያሉ የሚያመጡላቸው መኪና ብዙውን ጊዜ በሽታው አንድ ነበር፤ በብርዱ ምክንያት ቆሞ ሳለ ሞተሩ ይጠፋል። አቶ ተስፋነህ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አስጠግተው ሰምተው፣ ሚኒሞውን፣ ማለትም መኪናው ቆሞ ሳለ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ከፍ አድርገው፣ ያድኑት ነበር። ከዚህም አንድ ሕግ አወጡ፤ ቆሞ የሚጠፋ ሞተር በሽተኛ ነው። ይህ ሕግ ለአርባ ዓመት ያህል ትክክል ነበር።

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህርቷ ሜሮን ዮሴፍ አንድ መኪና ይዛ መጣች። አዲስ አይደለም፤ እርሷ ግን ከገዛችው ገና ሁለት ሳምንቷ ነው።

«ጋሽ ተስፋነህ፣ ፍሬን ይዤ ስቆም ሞተሩ ይጠፋል። እግሬን ሳነሣ ደግሞ ራሱ ይነሣል» አለቻቸው።

«ራሱ ይነሣል?»

«ራሱ።»

«እንግዲያው ሁለት በሽታ አለበት» አሏት።

ማስተዋል በዚያው ቀን ነገረቻቸው። መኪናው ምንም አልሆነም። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ቆሞ ሳለ ሞተሩን ራሱ ያጠፋል፤ መንዳት ሲፈለግ ራሱ ያስነሣዋል። የማይፈልገው ሰው ከመሪው አጠገብ ያለችውን፣ ቀስት የከበባት የላቲን ኤ ያለባትን ቁልፍ ይጫናል፤ በቃ። የመኪናውን መመሪያም ከስልኳ አውጥታ በአማርኛ አነበበችላቸው። አቶ ተስፋነህ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሟት።

«ልጄ፣ እንዲጠፋ ብሎ ሞተር የሚሠራ ሰው የለም» አሏት። «በቁልፍ የሚድን በሽታም የለም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ትዕግሥት ያስፈልጋል። አቶ ተስፋነህ መኪናውን አስነሥተው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ አጠገቡ ቆመው ይሰሙታል፤ ሞተሩ አይጠፋም። ኮፈኑን ዘግተው እስከ ጋፋት መታጠፊያ ይነዱታል፤ ፍሬን ሲይዙ ይጠፋል። ተመልሰው ይከፍቱታል፤ አይጠፋም። ካንዴላ ቀየሩ፤ ጠፋ። የነዳጅ ማጣሪያ ቀየሩ፤ ጠፋ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈትሸው መልሰው አሰሩ፤ አሁንም ጠፋ። ወ/ሮ ወርቅነሽ ምሳ ይዘው መጥተው ይህን ሲያዩ፣ «ሐኪም ፊት ሲቀርብ ደኅና ነኝ የሚል በሽተኛ ገጠመህ፤ ልክ እንዳንተው» አሏቸው።

ይህ ንግግር ምክንያት ነበረው። ኅዳር ላይ የአቶ ተስፋነህ እግር ማበጥ ጀምሮ ነበር። ደብረ ታቦር ያየቻቸው ሐኪም ልባቸው መድከሙን ነግራቸው፣ ባሕር ዳር ያለ የልብ ሐኪም ሳይውል ሳያድር እንዲያያቸው ቀጠሮ አስያዘችላቸው። «ይህን መኪና ላስረክብና» አሉ። የኅዳሩ ቀጠሮ እንዲህ አለፈ።

ታኅሣሥ ላይ የመኪናው ባትሪ በሙከራ ብዛት ደከመ። እንዲህ ያለ መኪና በቀን ብዙ ጊዜ እየጠፋ ስለሚነሣ ለዚያ የተሠራ ጠንካራ ባትሪ ይፈልጋል፤ መመሪያውም ይላል፤ ማስተዋልም ብላለች። አቶ ተስፋነህ ግን ልኩ የገጠመላቸውን ተራ ባትሪ አሰሩበትና መምህርት ሜሮን ለሙከራ እንድትነዳው ሰጧት። ለአሥራ አንድ ቀን ሞተሩ አልጠፋም። ሾፌሮቹ እንኳን ደስ ያለዎ አሏቸው፤ እርሳቸውም ልጃቸውን ለአሥራ አንድ ቀን በፈገግታ ተመለከቷት። ያልጠፋው ድኖ አልነበረም፤ የመኪናው ኮምፒውተር ባትሪውን ስላላመነው ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አመነው፤ ገሳይ ዳገቱ ላይ ሞተሩን አጠፋና ማስነሣት አቃተው። መምህርት ሜሮን የተማሪዎቿን የፈተና ወረቀት አቅፋ ሁለት ሰዓት በብርድ ቆመች።

ያልታመመው መኪና አሁን በእርግጥ ታመመ። በከተማውም «አያ ተስፋነህን መኪና አሸነፋቸው» ተባለ። መምህርት ሜሮን ግን መኪናውን ወደ ሌላ ጋራዥ አልወሰደችም፤ ይህም ነገሩን አባሰው፤ አምናቸዋለችና። አቶ ተስፋነህ በአርባ ዓመት አንድ መኪና ሳይሠሩ መልሰው አያውቁም፤ ይህን ሳያስረክቡ ከደብረ ታቦር እንደማይወጡ አስታወቁ። በጥር እንደገና የተያዘላቸው ቀጠሮም አለፈ። ካሳው ከይፋግ ድረስ መጥቶ ለመናቸው። የመጋቢቱም አለፈ። ማስተዋል በዚያ ሰሞን ያለችው ሁሉ እዚህ የሚነበብ አይደለም።

ሚያዝያ 20 ቀን አቶ ተስፋነህ ኮፈኑን ከፍተው ቆመው ሳለ፣ መዝጊያው ሥር አውራ ጣት የምታህል፣ ኮፈኑ ሲዘጋ የምትጫን ቁልፍ አዩ። ከዚያ በፊትም አይተዋታል፤ ለመብራት ትሆናለች ብለው ትተዋታል። አሁን ሽቦዋን ነቀሏት። ኮፈኑን ዘግተው እስከ ጋፋት ነድተው ተመለሱ፤ ሞተሩ አንድ ጊዜም አልጠፋም። መልሰው ሰኳት፤ ጠፋ። ማስተዋልን ጠሯት።

«ይህች ምንድን ናት?»

«ኮፈኑ መከፈት አለመከፈቱን ለኮምፒውተሩ የምትነግር ናት፣ አባየ። ከተከፈተ ሰው እጁን ከትቶ ይሆናል ብሎ ሞተሩን ራሱ አያጠፋም፤ ድንገትም ራሱ አያስነሣም።»

አቶ ተስፋነህ ግራ እጃቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ።

«ይህን የሠራው ሰው ጋራዥ ውስጥ ኖሮ ያውቃል» አሉ። ቀጥለውም «መመሪያው ላይ ነበረ?» ብለው ጠየቋት።

«ነበረ፣ አባየ። ሰባተኛው መስመር ላይ። ጥቅምት አንብቤልዎታለሁ።»

«እንግዲያው አሁን ደግሜ ልስማው» አሏት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገመችላቸው።

ትክክለኛው ባትሪ ከባሕር ዳር መጣ፤ ማስተዋል ኮምፒውተሩ እንዲያውቀው አደረገች። አቶ ተስፋነህም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መምህርት ሜሮን ቤት ድረስ በእግራቸው ሄዱ። «መኪናሽ ደኅና ነበር፤ ያሳመምኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ» አሏት። እርሷም «ኧረ ጋሽ ተስፋነህ፣ ይግቡና ይቀመጡ እንጂ» አለች። ሲቀመጡ ግን እግራቸው ከጫማቸው በላይ አብጦ አየች። በማግስቱ ወደ ልብ ሐኪሙ ይዣቸው ልሂድ ያለችው እርሷ ናት።

ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. መምህርት ሜሮን እየነዳች፣ ማስተዋልም አብራ ሆና፣ አቶ ተስፋነህ በዚያው መኪና ወደ ባሕር ዳር ጉዞ ጀመሩ። ወረታ መገንጠያው ላይ ከብት መንገዱን ዘግቶ ቆሙ፤ ሞተሩም ጠፋ። ማስተዋል ቸኩላ ከመሪው አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ልትጫን እጇን ዘረጋች። አቶ ተስፋነህ ሦስት ጣት ባላት እጃቸው እጇን ያዙ።

«ተይው። ይነሣል» አሏት።

ከብቱ አለፈ፤ ተነሣ። ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው እስከ ባሕር ዳር ያንን ሲሰሙ ሄዱ፤ በየቆሙበት ሁሉ ሲጠፋና ሲነሣ። «ጤነኛ ነው» አሉ። ሐኪሙም መርምሯቸው ሲያበቃ ለማስተዋል በኅዳር ቢመጡ ኖሮ ብዙ ማድረግ ይቻል እንደነበር ነገራት።

አቶ ተስፋነህ ባዩ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. እዚያው ባሕር ዳር በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ወርቅነሽ፣ ልጆቻቸው ካሳውና ማስተዋል፣ እዚህ የቆሙት ዘመዶችና ሾፌሮችም እየሸኟቸው ነው፤ አስከሬናቸውንም ያመጣው ያው መኪና ነው፤ በመንገድም ምንም አልሆነም።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለወ/ሮ ወርቅነሽም ብርታቱን ይስጥልን። ጋራዡ ውስጥ መኪና ያላችሁ ማስተዋልን ጠይቁ፤ ትሠራዋለች። ከመካከላችሁ የሐኪም ቀጠሮ ያለው ሰው ካለ ደግሞ ሠልስት እስኪወጣ አይጠብቅ፤ ከዚህ እንደወጣ ይሂድ።