ፋና ፈረንሳይኛውን ከማን ጋር ታወራዋለች?

ለተከበሩ አቶ አምባቸው፣ የልጆቻችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፤

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ሶዶ ቤት ተከራይተውለት የሚማረው ልጅዎ ፋኑኤልስ ደህና ነው? እኛ ከገሱባ ማዶ ያለን ወላጆች፣ ስለ ልጆቻችን እርስዎ ስለሚያስቡልን፣ ከሐሳብ አርፈን በሰላም አለን።

ትምህርት ሲከፈት ልጄ ፋና ከጓደኞቿ ጋር መጥታ ፈረንሳይኛ ይሰጠን ብላ ብትለምንዎ፣ ወላይትኛ ለቤት፣ አማርኛ ለቢሮ፣ እንግሊዝኛ ለፈተና እንደሚበቃ አስረድተው፣ «ፈረንሳይኛውን እዚህ ከማን ጋር ልታወሪው ነው?» ብለው በአባትነት መልሰዋታል። ስለዚህ ምክርዎ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1. መምህርት ፍሬሕይወት በዩኒቨርሲቲ ፈረንሳይኛ አጥንተው ወደ እኛ ሲመደቡ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ በአደራ ስላስረከቧቸው አመሰግናለሁ። ጠመኔውንና መጥረጊያውን በዲግሪ የሚያስጠብቅ ትምህርት ቤት በዞናችን ሌላ ያለ አይመስለኝም።

2. ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ፣ ሶዶ ከተማ እህቴ ሽታዬ ቤት ሄደን ነበር። የባለቤቷ የሥራ ባልደረቦች የሆኑ ፈረንሳዮች በእንግድነት መጥተው፣ የፋና እኩያ የሆነችው የእህቴ ልጅ ፀደንያ በትምህርት ቤት በተማረችው ፈረንሳይኛ በሽማግሌዎቹና በእንግዶቹ መካከል ተቀምጣ ታስተረጉም ነበር። ከጥሬ ሥጋው ምርጡ የተቆረጠው ለእሷ ነው። የእኔዋ ማስታጠቢያ ይዛ የእንግዶቹን እጅ ታስታጥብ ነበር። ቀናሁ፣ አቶ አምባቸው። እህቴን እወዳታለሁ፤ በዚያን ቀን ግን ፊቷን ማየት አስጠላኝ። ልጅቷ በተሳሳተች ብዬ ተመኘሁ፤ ብትሳሳትም እኔ በምን አውቄ! ይህን ለንስሐ አባቴ ስናገር የእርስዎንም ስም ስለጠቀስኩ፣ በጸሎት ሳያስቡዎት አይቀሩም። ስንመለስ ፋና ፊቷን ወደ ሚኒባሱ መስኮት አዙራ፣ እስከ ገሱባ በምታውቃቸው ሦስት ቋንቋዎች ሁሉ ዝም አለችኝ።

3. እናቴ አማርኛ ባለማወቋ፣ የሚያስተረጉምላት ሰው እስኪመጣ ቢሮ ደጃፍ ቁጭ ብላ ትውል ነበር። ያኔም ለገበሬ ሚስት አማርኛ ምን ያደርግላታል የሚሉ አዋቂዎች ነበሩ። የእነሱን ወንበር የሚረከብ ሰው ስላልጠፋ ደስ ብሎኛል።

መጋዘኑን ሌላ ሰው ቢጠብቀው፣ መምህርቷም ከትምህርት ሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ቢከፈትላቸው፣ ልጄ ሁለተኛ ደረጃን ሳትጨርስ ፈረንሳይኛውን ትደርስበት ነበር። ይህን ብቻ ነው የምለምንዎ።

ከወንበርዎ ሳይነሱ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎት፣

የፋና እናት ዘነቡ አንጁሎ

ማስታወሻ፦ ፀደንያ እንደነገረችን፣ ልጅዎ ፋኑኤል እዚያው ሶዶ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ሲሆን በፈረንሳይኛ አንደኛ ወጥቷል። እንኳን ደስ አለዎት። ለዕረፍት ሲመጣ ከማን ጋር ያወራዋል ብለው እንዳይጨነቁ፤ ፋና በፀደንያ አሮጌ መጽሐፍ ጀምራለችና ወደ ቤታችን ይላኩት።