ባለቤቱ አንቺ ነሽ?

እሁድ፣ ሐምሌ 3

መጥቶ ሄደ። አምስት ደቂቃም አልፈጀበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ሲዘል የከረመው ለዚህ ነው።

ፖሊሱን ማለቴ ነው። አግብታ ጅቡቲ የመጣች የውጭ ሰው እውነት ከባሏ ጋር እንደምትኖር ቤት ድረስ መጥቶ የሚያጣራው። ጢሙን ሂና የተቀባ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ቀን ዲሪያ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ ግቢ እያጠብኩ ነበር። ያጠናሁት ፈረንሳይኛ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ተደርድሮ ሳለ በአማርኛ ሰላም አለኝ። ድሬዳዋ ነው ያደግኩት አለ፤ ኩራት ብጤ አለበት። ዕድሌ ቀና ብዬ ደስ አለኝ።

«ባለቤቱ አንቺ ነሽ?»

«አይ፣ እኔ አይደለሁም። እሳቸው ገበያ ወጥተዋል» አልኩት። የባሌ የፉአድ እናት፣ እማማ ሩቂያ፣ ዞር ባሉበት የቤታቸው ባለቤት ነኝ ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ እንዴ።

አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ አለኝ። ለጊዜው ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ በቅርቡ ግን ትራንዚት ቢሮ እገባለሁ፣ አዲስ አበባ ሎጂስቲክስ ተምሬ ነው የተመረቅኩት ብዬ ለቀቅኩት። «ቤት ውስጥ» ላይ ስደርስ እሱ ጽፎ ጨርሷል። ስንት ጊዜሽ ነው? አምስት ወር ሆነኝ አልኩት። ውሃ ሰጠሁት፣ ጠጣ፣ አመስግኖ ሄደ።

ያለኝ፦ የቃዲው የጋብቻ ወረቀት ከነትርጉሙ፣ አራት ፎቶ፣ የጤና ወረቀት፣ የፉአድ የጅቡቲ መታወቂያ ኮፒ።

የቀረኝ፦ የሥራ መብት ያለው የመኖሪያ ካርድ። እሱ ብቻ።

ሰኞ

ምኒልክ አደባባይ ትራንዚት ቢሮው ሄድኩ። ባቡሩ ሥራ ሊጀምር ነው እየተባለ የአማርኛ ወረቀት ተቆልሎባቸዋል፤ የሚያነብላቸው ሰው የለም። የቢሮው አለቃ ማዳም ሆዳ ጠረጴዛዬን አሳየችኝ። መስኮት አጠገብ ነው። ግን እሁድ ካርዴን ይዤ ካልመጣሁ ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች። ያለ ካርድ አንድ ቀን ብትቀመጪ የሚዘጋው የእኔ ቢሮ ነው አለችኝ። አልፈረድኩባትም።

ስመለስ ካርቲየ ሰባት ሰፈር ራፍል የሚሉት አፈሳ ገብቷል። ወረቀት የሌለውን አበሻ እየለቀሙ መኪና ላይ ይጭናሉ፤ ከዚያ ድንበር ነው። ቲማቲም የምትሸጠው የደሴ ልጅ ተወስዳለች። ቲማቲሙ ግን እንደተደረደረ አለ። እኔን ያስቆመኝ ወጣት ፖሊስ ማመልከቻዬ መግባቱን የምታሳየውን ቅጠል ወረቀት ገልብጦ ገልብጦ አይቶ መለሰልኝ። ቅጠሏም የምታበቃው ያው እሁድ ነው።

ፉአድ ከወደብ እንደገባ ፖሊሱ ስለ እኔ ምን ጠየቀሽ አለኝ። አሰብኩ። ምንም አልጠየቀኝም። ስሙን እንኳ አላነሳም። ፉአድ አንድ ጫማውን እንዳወለቀ ቆሞ ቀረ።

ማክሰኞ

ንፋሱ እሳት ነው። መብራት የለም።

ባለሱቁ ዓሊ ሁልጊዜ «ሙሽሪት» እያለ ነው የሚቀልድብኝ። ዛሬ ሳሙናውን ዝም ብሎ አቀበለኝ። ምክንያቱን የነገረችኝ ጎረቤታችን ኸድራ ናት። ሂና ጢሙ ሰውዬ እሁድ ከእኛ ቤት ሲወጣ ሱቁ ጎራ ብሎ፣ የፉአድ ሚስት ወደ ገበያ ስትሄድ አይተሃል ወይ ብሎ ጠይቋል። ዓሊ አላየሁም አለ። እኔ ቤት ውስጥ እንደነበርኩ ያውቃላ። ታዲያ ገበያ የሄደችው ሚስት የትኛዋ ናት?

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ፉአድ የወደብ ፈረቃ አለብኝ እያለ ያደረባቸውን ቀናት በጣቴ ቆጠርኩ። እንዲህ ያለች ሴት እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ራት ላይ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ ከዚያ ሳይበላ ተነሳ። እማማ ሩቂያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «አንዷን ማስተዳደር መች ቻለና» አሉ። ለማጽናናት ነው መሰለኝ።

ረቡዕ

የመኖሪያ ካርድ ቢሮ ተጠራን። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ፋይሌን ለፉአድ ሰጠው፣ እንዲያነበው። ፉአድ ፈረንሳይኛውን እየተረጎመ አነበበልኝ።

«የሚመለከታት ሴት ራሷ ሚስቱ እንዳልሆነች ተናግራለች። ሚስትየው ገበያ ሄዳለች። ይህቺ በቤቱ አምስት ወር የሠራች ሠራተኛ ናት።»

ከታች ሌላ መስመር አለ፦ የጋብቻ ወረቀቱ ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር። ፓስፖርቴን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ቆለፈ። እስኪመረመር አለ። እስከ መቼ? ትከሻውን ነቀነቀ። እሁድስ ቅጠሏ ስታበቃ? እሱን ቤትሽ ሆነሽ ጠብቂ አለኝ።

ባለቤቱ።

ቤቱም ባለቤት አለው፣ ፉአድም ባለቤት አለው። ሰውዬው የፉአድን ጠየቀኝ፣ እኔ የቤቱን መለስኩለት። ገበያ የሄደችው ሁለተኛ ሚስት እማማ ሩቂያ ናቸው። ትናንት ባሌን ያስራበኝ ይኼ ነው። ለመስኮቱ ልጅ በፉአድ አፍ ላስረዳው ሞከርኩ። አማርኛ አላውቅም፣ የጻፈውን ሰው አናግሪ አለኝ።

ሐሙስ

ጫት ከገባ በኋላ ቢሮ የሚባል ነገር ስለማይኖር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የሂና ጢሙ ሰውዬ ቢሮ በር ላይ ነበርኩ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አስገባኝ።

ወረቀት አወጣሁ። ባለቤት ብዬ ጻፍኩ፣ ሁለት ቀስት አወጣሁለት፣ በአንዱ ቤት፣ በአንዱ ትዳር። እርስዎ በዚህኛው ጠየቁ፣ አጠያየቁ ግን ግልጽ አልነበረም አልኩት። እንደ አስተማሪ። አሁን ስጽፈው ፊቴ ይቃጠላል። አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባው በሶማሊኛ ምንድን ነው የምትልህ እያለ ይስቃል።

«ሠላሳ ዓመት ተናግሬዋለሁ፤ ያረመኝ የለም» አለ። ቀጥሎም «ዩኒቨርሲቲ ገብተሻል?»

«በማዕረግ ነው የተመረቅኩት።»

«እንግዲያው አማርኛ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እኔ አላውቅም። በማላውቀው ቋንቋ የጻፍኩትን እንዴት እሰርዘዋለሁ?»

ፋይሉን ዘጋው።

ለእማማ ሩቂያ ነገርኳቸው። ከዚያ «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብትዪው ምን ትሆኚ ነበር?» አሉኝ። «እርስዎን ያከበርኩ መስሎኝ እኮ ነው ይኼ ሁሉ» አልኳቸው። «እርስዎ እርስዎ አትበይኝ ብዬሻለሁ። እኛ ድሬዎች አንቺ ነው የምንለው» አሉ። ይኼን የሚሉኝ ከመጣሁ ጀምሮ ነው። ምላሴ እሺ አይልም።

ዓርብ

ሁሉ ዝግ ነው። ፉአድ አኮረፈኝ እንዳልል አብሮኝ ተቀምጧል፣ አላኮረፈም እንዳልል አያወራም። እማማ ሩቂያ ከሶላት በኋላ ሽቶ ተቀብተው ወጡ። የት እንደሆነ አልነገሩንም። ሲመለሱም አልነገሩንም።

ራፍሉ ሃያብለ ሰፈር ደርሷል አሉ።

ቅዳሜ

ሂና ጢሙ ሰውዬ መጣ። ዩኒፎርም የለም፣ ሽርጥ ነው ያገለደመው። ፋይሉ ግን ብብቱ ውስጥ ነው። ፉአድ ከወንበሩ ተነሳ፣ እማማ ሩቂያ ግን መምጣቱን እንደሚያውቅ ሰው አልተነሱም። የመጋዘኑ፣ የቁም ሳጥኑ፣ የሁሉ ነገር ቁልፍ እንደተለመደው ጭናቸው ላይ ነው።

ሰውዬው ደጃፉ ላይ ቆመ፣ ልክ እሁድ የቆመበት ቦታ። ሌላ ነገር አልተናገረም።

«ባለቤቱ አንቺ ነሽ?»

ቃል በቃል ያው። የፉአድ ባለቤት ነኝ ብል ዳግመኛ እሱን ማረሜ ነው። ዝም ብል ያው ወረቀት ነው። ነኝ ብል ደግሞ እናቲቱ ከነቁልፋቸው እዚያው ተቀምጠዋል። አላየኋቸውም። እሳቸውን ካየሁ አልችልም።

«ነኝ» አልኩት።

ቁልፎቹ ተንሿሹ። ሰውዬው ወደ እማማ ሩቂያ ዞረ። «እሳቸውስ?»

«እኔማ እዚህ ቤት የምሠራ ነኝ» አሉ እማማ ሩቂያ። «ገበያም እሄዳለሁ።»

አልሳቀም። ጢሙ ትንሽ የተነቃነቀ መስሎኝ ነበር፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ፋይሉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጻፈ፣ ከእሁዱ የረዘመ። እኔ ከፊት ለፊት ሆኜ በግልብጡ ለማንበብ አንገቴን አሰገግኩ። «ኤፑዝ»፣ ሚስት የሚለውን አየሁት። ከእሱ በፊት ያለውን አውራ ጣቱ ሸፍኖታል። ነገ ጠዋት መስኮቱ ጋ ነይ ብሎኝ ወጣ። ፓስፖርቴን አልጠየቅኩትም። ለመጀመሪያ ጊዜ በልኬ ዝም አልኩ።

ከወጣ በኋላ «ሠራተኛ ነኝ ስትዪ ትንሽ አላፈርሽም?» አልኳቸው። ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ፉአድ ሳቀ፣ ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው። እማማ ሩቂያ የመጋዘኑን ቁልፍ ከዘለላው ላይ እየፈቱ «ጎሽ፣ አሁን የኛ ሰው ሆንሽ» አሉኝ።

አንድ ቦርሳ ብቻ ነው ያዘጋጀሁት። ቢሮ ቢያስገቡኝም ድንበር ቢወስዱኝም የሚሆን። ዲፕሎማዬን፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ የቃዲውን ወረቀት ኮፒ ከትቼበታለሁ። የመጋዘኑንም ቁልፍ።

ከ«ኤፑዝ» በፊት ያለው ቃል አጭር ነው፤ በፈረንሳይኛ «የእሱ»ም አጭር ነው፣ «አይደለችም»ም አጭር ነው።