መቶ ጨምር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

የመርጫ አውሮፕላናችንን አሮጌ ስክሪን ነቅዬ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የመጣውን አዲሱን ዛሬ ገጠምኩ። አሮጌው ከፍታችንን መቶ ጫማ ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያሳየው። መለዋወጫ ሲጠፋ «መቶ ጨምር» ብዬ ጽፌ አጠገቡ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። አብራሪያችን ካፒቴን ደበላ ስድስት ዓመት ሙሉ እየጨመሩ በረሩ።

ዛሬ ወረቀቷን ገንጥዬ ጣልኩና «ካፒቴን፣ ይሄኛው ልክ ነው፤ ከእንግዲህ እንዳይጨምሩ» አልኳቸው። «እሺ ልጄ» አሉኝ።

ለሙከራ አብሬያቸው ወጣሁ። ሶደሬ ላይ ስክሪኑ ስድስት ሺህ ይላል፤ እሳቸው በሬዲዮ «ስድስት ሺህ አንድ መቶ» አሉ። ስነግራቸው ሳቁ። ስንመለስም ደገሙት።

ለኃላፊው ነገርኩት። «ስክሪኑ ይሠራል?» አለኝ። «ይሠራል» አልኩ። «እንግዲያው ለበረራ ብቁ ነው ብለህ ፈርም!» ፈረምኩ፤ ፈሪ ነኝ።

ነገ ማለዳ ግሪሳ ወፍ ላይ መድኃኒት ሊረጩ ብቻቸውን ወደ መልካሳ ይበራሉ። ሰሞኑን አዋሽ ላይ ጉም አለ። የሚጨምሯት መቶ ጫማ ደግሞ ከእንግዲህ የለችም። ከመውጣቴ በፊት «አይጨምሩ» ብዬ ጽፌ እዚያችው ቦታ ለጠፍኩ። ካፒቴን ግን እዚያ የተለጠፈ ወረቀት ማየት ከተዉ ዓመታት ሆኗቸዋል።