ከጎን የተያዘ ጧፍ

ደብረ ማርቆስ
ሐምሌ 21 ቀን 2002 ዓ.ም.

ውድ ወለላ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ድሬዳዋ ውስጥ ቁጭ የሚባልበት ጥላ ካለ ማለቴ ነው። እዚህ ትናንትም በረዶ ጥሎ የእናንተን ጓሮ ጎመን ወንፊት አድርጎታል፤ የምጽፍልሽ ሁለት ካልሲ ደርቤ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ደግሞ፣ አንቺ በደወልሽ ቁጥር አባትሽ በተከራየሁት ክፍል መስኮት ሥር የላላ አጥር ስለሚታያቸው ነው። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ሲጠገን የኖረ አጥር አሁን ነፋስም አያሳልፍ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ላፕቶፕሽን እኔ ዘንድ ትተሽ ስትሄጂ አደራሽ ግልጽ ነበር። በውስጡ የተየብሻቸውን አርባ ሦስት የአባትሽን ቅኔዎች በፍላሽ እንድገለብጥ፣ በወረቀት አሳትሜ እንዳስጠርዝ፣ የአባትሽ ቁጣ ሲበርድ እንድሰጣቸው። ፍላሹን ገዛሁ። የህንድ ፊልም ሞላሁበት። ኅትመቱን "ከፈተና በኋላ" አልኩ፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ ደግሞ ፈተና አያልቅበትም። ቁጣው ሲበርድ ያልሽውን በተመለከተ፣ እኔ የአየር ሙቀት አለካክ የማስተምር ሰው ብሆንም ለአባትሽ የሚሆን መለኪያ አላገኘሁም።

ያንቺ ፍላሽ መንገድ ላይ ከነቦርሳሽ ተሰርቆ እያለቀስሽ ስትደውዪልኝ "አይዞሽ፣ እዚህ አለ" አልኩሽ። አልዋሸሁም። እዚህ ነበረ። በዓለም ላይ የቀረው ያ አንድ ብቻ መሆኑን ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ደብተርሽ የተቃጠለበት ቀን አሁንም ዓይኔ ላይ ነው። አባትሽ የተቀኙትን ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለሺ በቃልሽ ይዘሽ፣ ነጠላሽን ሳታወርጂ የምትጽፊበት ያ ሰማያዊ ደብተር። አባትሽ አገላብጠው አዩትና "ቅኔ አንድ ጊዜ ይባላል፣ ይሄዳል። የሚደግመው ሌባ ነው" አሉሽ።

"እኔ ልደግመው አይደለም፣ አባባ። እንዳይጠፋ ብዬ ነው።"

"ይጥፋ! ነገ አንዱ አግኝቶት የራሱ አድርጎ ከሚቆምበት ይጥፋ!"

ከዚያ ምድጃው ውስጥ ጨመሩት። አንቺ አላለቀስሽም፤ እሳቸው ሳያውቁ ሁሉንም ተይበሽ እንደ ጨረስሽም አልነገርሻቸውም። በሳምንቱ የድሬዳዋውን ሥራ ተቀበልሽ። እኔ በራፌ ላይ ቆሜ ሁሉን ሰማሁ። አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። ተከራይ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። የኪራይ ውሉን በኋላ አውጥቼ አየሁት፤ ዝም በል የሚል አንቀጽ የለውም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ሐምሌ 11፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ትምህርት ተዘግቶ ማመካኛ ሲያልቅብኝ አደራሽን ልፈጽም ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሁለት ገጽ አነበብኩ። ግዕዙ ከእኔ በላይ ስለሆነ ማንበብ ሳይሆን ፊደል መቁጠር ነበር። ከዚያ ብርዱ ጠና። እጄ ሲደነዝዝ እሱም እንደ እኔ የሚሆን መሰለኝና፣ ሳላጠፋው ጋቢዬን አጥፌ አለበስኩት። ሳቂ፣ መብትሽ ነው።

ሰኞ ጠዋት ስገልጠው ግሏል። አጥፍቼ አበራሁት። የቁልፉ መብራት ይበራል፣ ውስጡ ሽው ይላል፣ ስክሪኑ ግን ድርግም ብሎ ጠቁሯል።

ሞባይል፣ ቴፕና ኮምፒውተር ወደሚጠግነው እንዳላማው ይዤው ሮጥኩ። አንድ የሉማሜ ሰው ያመጡትን ቴሌቪዥን ከፍቶ የአይጥ ጎጆ በወረንጦ እያወጣ ነበር።

"መምህር፣ ይሄን ምን አደረግኸው?"

"ጋቢ አለበስኩት።"

"በርቶ እያለ?"

"በርዶት ነበር።"

ወረንጦውን አስቀምጦ አየኝ። "ነጠላ ብታለብሰው እንኳ ይተነፍስ ነበር" አለ።

የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ፤ አልበድለውም። ባትሪውን ነቅሎ የማብሪያውን ቁልፍ እስከ ሠላሳ እየቆጠረ ተጫነ፣ "ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ ካለ ይውጣለት" ብሎ። ሆዱን ፈትቶ ሚሞሪውን አወጣና ጥርሶቹን በላጲስ ጠረጋቸው። መልሶ ሰካው። ሽው አለ፣ ጠቆረ። በመጨረሻ ሁሌም የሚያዘውን መድኃኒት አዘዘ።

"ፎርማት ብናደርገው?"

"ምን ይሆናል?"

"ያለው ይጠፋል፤ እሱ ግን ይታደሳል።"

"ያለው ከጠፋ እሱ ለምኔ ነው?"

"ለህንድ ፊልም" አለኝ። ፊልሙን የሰጠኝ እሱ ነው። ላፕቶፑን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ።

ለአንቺ ደብዳቤ ጀመርኩ። "ውድ ወለላ፣ አንድ ትንሽ ችግር" የሚለውን ቀደድኩት፤ ትንሽ አልነበረም። "ውድ ወለላ፣ አዝናለሁ" የሚለውንም ቀደድኩት፤ ሐዘን ቅኔ አይመልስም። አንቺ ያቺን ደብተር በዘጠኝ ዓመት ነው የሞላሻት። እኔ በአንድ ጋቢ ጨረስኳት።

ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰማዩ ተንዶ መጣ። መብራት ሄደ። የጣውላ መስኮቱን ዘግቼ፣ ላፕቶፑ በባትሪው ሽው እያለ፣ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀመጥኩ። በሩ ተንኳኳና አባትሽ ጧፍ አብርተው ገቡ፤ የበረዶው ድምፅ ቆርቆሮውን ሊበሳው ደርሶ ነበርና ቤቱን ሊያዩ ነው።

"ያፈሳል?"

"አያፈስም፣ የኔታ።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው ሦስት ቀን ሙሉ የተኮራመትኸው? ሰው ሞቶብሃል?"

"ኮምፒውተሩ ነው። ጠቁሮ ቀረ።"

"ያቺ ትታው የሄደችው?"

ዓመት ከሁለት ወር "ያቺ" ነሽ። አዎ አልኳቸው። በርጩማዬን ስበው ተቀመጡ። እኔ ደግሞ የደከምኩበትን ላሳያቸው ብዬ የሞባይሌን ባትሪ ፊት ለፊት አበራሁበት። የራሴ ያልተላጨ ፊት ብቻ ታየን።

"የምትፈልገው ፊትህን ነው እንዴ?" አሉኝ። "ብርሃን እንዲህ አይያዝም። የደበዘዘ ብራና አንብበህ አታውቅም? ከጎን ነው! ከጎን!"

ጧፉን ዝቅ አድርገው ከስክሪኑ ጠርዝ አስጠጉት፤ ሰሙ እንዳይንጠባጠብ ግራ መዳፋቸውን ከሥሩ ዘረጉ። አንገታቸውን አዘንብለው ቆዩ። እኔ ምንም አይታየኝም። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀለሙ የሄደ መጽሐፍ ሲያነቡ የኖሩ ናቸው።

"ጽሕፈት አለበት" አሉ።

"የት?"

"እዚህ ጥግ። ‘የአባባ’ ይላል።"

ወለላ፣ ፋይሉን የሰየምሽበት ስም ነበር። 

"የማን አባባ?" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ።

እንደ ልማዴ ዝም ልል ነበር። "የወለላ አባባ" አልኩ። "እርስዎ ነዎት፣ የኔታ። ቅኔዎችዎ ናቸው። እሳት ሳያያቸው በፊት ሁሉንም እዚህ አስገብታቸው ነበር።"

 ጧፉን አንስተው ላፕቶፑን ከላይ እስከ ታች አዩት። አሁን ወደ ምድጃው ይወስዱታል ብዬ ላፕቶፑን በሁለት እጄ ያዝኩት።

"ክፈተው" አሉ።

እሳቸው ጧፉን በቀኝ፣ እኔ ሞባይሌን በግራ ይዘን፣ ጠቋሚ ቀስቷን እንደ ጠፋ መርፌ እየፈለግን ከፈትነው። ፊደሉ ከጭጋግ ውስጥ እንደሚመጣ ሰው እየቀረበ መጣ። የመጀመሪያውን በለሆሳስ አነበቡ። ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው ከፍ አለ፣ ከዚያ ቆሙ፣ ከዚያ ሳቁ። የአባትሽን ሳቅ በዚህ ቤት ሰምቼው አላውቅም ነበር።

"ይሄ የዛሬ ስድስት ዓመት የልደታ ዕለት ነው" አሉኝ። "እመቤታችንን አመሰገንሁና በዚያው የደብሩን ጣሪያ አፍሳሽነት ነካ አደረግሁ። አስተዳዳሪው ፊታቸውን አጠቆሩ። ፈጽሞ ረስቼው ነበር እኮ!"

"ጣሪያው ተሠራ?"

"እስከ ዛሬ ያፈሳል። ቅኔው ግን ጥሩ ነበር።"

አሥራ አንድ አነበቡ። አንዳንዱን ካነበቡ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ፤ የተባለበትን ቀን፣ አብሯቸው የቆመውን ሰው፣ እናትሽ በሕይወት ሳለች መሆኑን ይነግሩኛል። ከዚያ የላፕቶፑ ባትሪ አለቀና ሁሉም ጠፋ።

"ሄደ?" አሉኝ፣ እንደ ሕፃን ደንግጠው።

"አልሄደም፣ የኔታ። ውስጡ አለ። የሞተው ባትሪው ነው።"

በማግስቱ እንዳላማው ዘንድ ሄጄ "ከጎን ሲበራበት ጽሕፈት ይታያል" ስለው ግንባሩን በመዳፉ መታ።

"የስክሪኑ መብራት ነዋ የተቃጠለው! ሌላው ሁሉ ደህና ነው ማለት ነው። ማን ነገረህ?"

"የኔታ አካለ ወልድ።"

"ኮምፒውተር የት ተማሩ?"

"ዋሸራ፣ ቅኔ ቤት" አልኩት።

አሮጌ ትልቅ ስክሪን ከመደርደሪያ አውርዶ በገመድ አገናኘው። አርባ ሦስቱም፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል፣ ግድግዳ የሚያህል ሆነው መጡ። የህንዱን ፊልም ለማጥፋት "እርግጠኛ ነህ? ገና መጨረሻውን አላየኸውም" ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥን። አንዱ በጥጥ ተጠቅልሎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ደርሶሻል። ስክሪኑ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጥቁር እንደሆነ ይቆያል። ያስጠረዝኩትን ለአባትሽ ሰጠኋቸው። ራሱን የቻለ ትራስ ሆኗል፤ አጠገባቸው አድርገውት ነው የሚተኙት።

ከትናንት በስቲያ መነጽራቸውን አውልቀው "የደብረ ታቦር ዕለት ቅኔዬን የት አደረገችው?" ብለው ተቆጡኝ። ያን ቀን ታመሽ ይሆናል አልኳቸው። "መታመም ነበረባት እንዴ?" አሉ። ያልጻፍሻቸውን ከራሳቸው ለማስታወስ እየታገሉ ነው። አንዳንዱ ይመጣላቸዋል፤ አብዛኛው ግን ሄዷል። የሚያሳዝናቸው መሆኑን ለማንም አይናገሩም፤ እኔም እንዳልነገርኩሽ አድርጊው።

ዛሬ ጠዋት ብዕርና ወረቀት ይዤ ሲያዩኝ ለማን እንደምጽፍ አልጠየቁኝም። መጥተው ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

መሥሪያ ቤትሽ ፈቃድ ከሰጠሽ የምትመጪበትን ቀን ጻፊልኝ፤ መናኸሪያ እቆማለሁ። አባትሽ የላኩልሽን መልእክት እንዳለ፣ ቃሉን ሳልለውጥ ነው የምጽፍልሽ፦

"ለወለላ እንዲህ ብለህ ጻፍላት። ለነሐሴ ኪዳነ ምሕረት እቀኛለሁ። አልደግመውም። ግን ቀስ ብዬ እለዋለሁ።"

በናፍቆት፣
ሀይለመለኮት