የዘጠኝ ዓመት ልጄን በአንድ ጠቅታ አሥራ ሰባት ላደረጉልኝ

ለተከበሩ አቶ ሰርፀ
የኦክላንድና የሳንሆዜ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤቶች ኅብረት የመረጃ ክፍል ኃላፊ

ጤናዎ እንዲሰምር፣ ወንበርዎም እንዲመችዎ እየተመኘሁ፣ ልጄን ምሥጢርን ስላሳደጉልኝ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድሁ። እኔና እናቷ ገና ስምንት ዓመት የምንለፋበትን ነገር እርስዎ ከምሳ በፊት ጨርሰውታል።

1. የኦክላንዱ ትምህርት ቤት የልጆችን ልደት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የሳንሆዜው በፈረንጅ ይመዘግቡ ነበር። ይህ እንዳያደናግርዎ በማሰብም፣ ከሁለቱ ትምህርት ቤቶች በመጡት ኤክስኤምኤል በተባሉ የመረጃ ፋይሎች ውስጥ «ልደት» የሚለው መለያ በየራሱ ኔምስፔስ፣ ማለትም በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ በሚናገር አድራሻ፣ ተለይቶ ቀርቦልዎት ነበር። ክቡርነትዎ ግን ፋይሎቹን አርዲኤፍ ወደሚባለው አንድ የጋራ መዝገብ ቅርጽ ሲቀይሩ አድራሻዎቹን «ለጽዳት» ብለው አራገፏቸውና ሁለቱን ልደቶች አንድ አደረጓቸው። በእኛ ሰኔ 2008 የተወለደችው ልጄም በፈረንጅ 2008 ተወልዳ አረፈችው።

2. ኩፐርቲኖ የምሠራው ይህንኑ ሥራ ስለሆነ፣ ሁለቱ ልደቶች በአርዲኤፍም ውስጥ በሙሉ አድራሻቸው ተለይተው መቀመጥ እንዳለባቸው፣ የእኛውም በኋላ ወደ ፈረንጅ መመለስ እንዳለበት ደውዬ አስረድቼዎታለሁ። እርስዎም ሲስተሙ እንደማይሳሳት፣ ምናልባት የልጄን ዕድሜ የዘነጋሁት እኔው እንደምሆን በትዕግሥት ነገሩኝ። ስትወለድ አጠገቧ ለነበርኩት ሰው ይህን ማስታወስዎ ትልቅ ውለታ ነው።

3. ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ነሽ ተብላ ከክፍል ወጣች፤ ቦታዋም ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ይህች ልጅ በአማርኛ ስናናግራት ዕድሜዋን ሙሉ በእንግሊዝኛ ስትመልስልን የኖረች ናት። መምህርት ተናኘ ዘንድ ከገባች ወዲህ ግን አፏን ፈታች፤ እቤት ያሉት አያቷን ያለ አስተርጓሚ ማጫወት ጀምራ ነበር። የተባረረች ቀን መኪና ውስጥ «አልፈለጉኝም» አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ። ከዚያ ወዲህ አማርኛ ከአፏ አልወጣም። ንዴቴን በጨዋ ቃል ልሸፍን ሞክሬ አልሆነልኝም፣ ይቅርታዎን።

መዝገቡን ያስተካክሉ፣ ልጄንም ወደ ክፍሏ ይመልሱ። ይህ ከሥራዎ በላይ ከሆነ ሥራውን ለሚችል ሰው ይልቀቁ።

ለጽዳት ያለዎትን ፍቅር ከሩቅ የሚያደንቅልዎ፣
ኩምሳ፣ የምሥጢር አባት
ከኤል ሴሪቶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ስጽፍ ምሥጢር አጠገቤ መጥታ ምን እንደሚል በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፤ ተርጉሜ ነገርኳት። ከመባረሯ በፊት ቢሆን ፊደሉን እየለቀመች ራሷ ታነበው ነበር።