ጦር ያዡ የእኔ ነው

ሐሙስ

«ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። ጋሽ ታምራት! በማይክ፣ በሞላ አዳራሽ ፊት፣ የእኔን ወረቀት ይዞ።

አንቱታው እዚህ ገጽ ላይ ቀርቷል። ኮሜዲያኑን ፒያሳ የማያውቀው የለም፤ ፊቱን ሲያዩት ይስቃሉ። «አስተያየት ይስጡኝ» ብዬ የድርሰቴን ግማሽ የሰጠሁት እኔው ነኝ። በተዋንያን ግለ ታሪክ ላይ የሚያሾፍ ልቦለድ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከንጉሡ ኋላ ጦር ይዞ ከመቆም ያላለፈ ተዋናይ ሕይወቱን እንደ ታላቅ ሰው ይተርካል። «ንጉሡ ሲሞቱ ሕዝቡ ያለቀሰው የእኔን ፊት አይቶ ነው» ይላል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በእኔ ዓረፍተ ነገር! እኔ በር ላይ ቆሜ።

ከዚያ የሙዚቃ ባንዱ ገባ፤ ዘፋኟ ሰብለ ዘፈነች። ዘፈኑን በስልክ ስሰማው የፍቅር ዘፈን ይመስለኝ ነበር። ፊት ለፊት ሲሰሙት ጠብ ነው። «አልሄድም» የምትለዋን ቃል ደጋገመቻት፤ መጀመሪያ እንደ ልመና፣ ኋላ እንደ ትእዛዝ። ድምፅዋ ሲሰነጠቅ አላስተካከለችውም፤ ስንጥቁን ይዛ ቀጠለች። ላለቅስ ነበር። ተውኩት።

ዓርብ

ከሚውልበት ካፌ አገኘሁት። ማኪያቶ አዘዘልኝ። አልቀመስኩትም። (ትንሽ ድል።)

«ጋሼ፣ ስሜን ለምን አልጠሩም?»

«የኔ ልጅ፣ ማን ያውቅሻል? ሕዝቡ የሳቀው የእኔን ፊት አይቶ ነው።»

የጦር ያዡን ንግግር ደገመው እኮ! አልታወቀውም።

«ይልቅ የቀረውን ግማሽ አምጪልኝ። እሑድ ከሰዓት አነባለሁ ብያለሁ።»

ቅዳሜ

እማዬ፦ «ትልቅ ሰው ነው፣ ተይው። የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ልጅ ከታዋቂ ሰው ትጣላለች?»

«ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያስተማርሽኝ ለምንድን ነው ታዲያ?»

«ሥራ እንድትይዢ ነዋ! እንድትሟገቺ መሰለሽ?»

ጓደኛዬ ሃያት ደግሞ፦ «ብትጮኺ እብድ ትባያለሽ። ብታዘፍኚው ግን ማን ይከለክልሻል?»

እውነቷን ነው። ሰብለ እንደ አዝማሪ ከታዳሚ ግጥም ትቀበላለች። የተሰጣትን ሳትዘፍን ማለፍ ነውር ነው። ሁለት መስመር ይበቃኛል።

ብትዘለኝስ? ድምፄ ቢጠፋስ? እማዬ ብትሰማስ?

እሑድ

ዘፈኑ ከንባቡ ቀደመ። ያው ዘፈን። ሰብለ «እስቲ ግጥም!» ስትል ማንም ሳይቀድመኝ ተነሣሁ። «ተቀበይ!»

የሳቃችሁበት የጦር ያዡ ወሬ፣
የእኔ ነው ድርሰቱ፣ እወቁልኝ ዛሬ።

አየችኝ። ፊት የተቀመጠውን ጋሽ ታምራትን አየችው። ከዚያ በዚያው በ«አልሄድም» ዜማ ዘፈነችው፤ ሳልለምናትም ደገመችው።

ጋሽ ታምራት ከት ብሎ ሳቀ። «የአራዳ ልጅ! ቀልድ ታውቃለች!»

«እሺ ጋሼ» አልኩት፤ «የርስዎ ከሆነ መጨረሻው ምንድን ነው? ጦር ያዡ ምን ይሆናል?»

የያዘውን ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። ከኋላ አንዱ «ጋሼ፣ ጦሩ ከበደ እንዴ?» አለ። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

የቀረው ግማሽ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። መድረክ ላይ ወጥቼ ራሴ አነበብኩት። የመጀመሪያው ቀልድ ማንንም አላሳቀም። ሁለተኛው አሳቀ። በመጨረሻው ገጽ ጦር ያዡ ጦሩን መሬት አስቀምጦ ወደ መድረኩ ፊት ሲመጣ የሚስቅ አልነበረም። እንደዚያ ነበር የፈለግኩት።

ሰኞ

ደወለ። «አብረን እናሳትመው። የእኔ ስም ከላይ፣ ያንቺ ከሥር አነስ ብሎ። ለመነሻ ነው።»

እማዬ አጠገቤ ቆማ በዓይኗ «እሺ በይ» ትለኛለች።

«አይሆንም ጋሼ» ብዬ ዘጋሁት።

የሚያሳትምልኝ የለም። ያ አዳራሽ እንደገና ያስገባኝ እንደሆነም እንጃ። እማዬ ምሳ ላይ አኮረፈችኝ። በኋላ ግን ዕቃ ስታጥብ «የሳቃችሁበት…» እያለች ስታንጎራጉር ሰማኋት። ለካ ሃያት በስልኳ ቀርጻ አሰምታታለች!

«ማን ያውቅሻል»ን ከእንግዲህ አልቀበልም። «ለመነሻ ነው»ንም አልቀበልም። ከማንም ኋላ ጦር ይዤ አልቆምም።