የውሾችን ልብ ያዩት ሐኪም፣ ዶክተር ጋሻዬ ወልደ ሩፋኤል

ዶክተር ጋሻዬ ከአባታቸው ከቄስ ወልደ ሩፋኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዱ በላስታ፣ በይምርሐነ ክርስቶስ አጥቢያ በጥቅምት ወር 1938 ዓ.ም. ተወለዱ። እሳቸው ገና ልጅ ሳሉ አባታቸው አውድማ ላይ ድንገት ወድቀው ዐረፉ። አገሩም “መጋኛ መታቸው” ብሎ ቀበራቸው።

በላሊበላና በደሴ ተምረው፣ በ1968 ዓ.ም. ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ተልከው የእንስሳት ሕክምና አጥንተው በ1974 ተመለሱ። በዚያው ዓመት ከወይዘሮ የሻረግ ገብረመስቀል ጋር በተክሊል ተጋብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

የሠሩት ኮምቦልቻ አጠገብ፣ መጋዘን ጠባቂ ውሾች እየተዳቀሉ በሚያድጉበት የመንግሥት ጣቢያ ነበር። ጥጃ የሚያካክሉት ውሾች ደህና ውለው ድንገት ይሞቱ ነበር። ዶክተር ጋሻዬ ልባቸውን በአልትራሳውንድ እያዩ የታመመውን ከመራቢያነት ያስወጡ ጀመር፤ በሽታው ከወላጅ ወደ ቡችላ ይወርዳልና። የአገራችን ሰው “ውሻ ሊያክም ባሕር ተሻገረ” ብሎ ሲቀልድባቸው አብረው ይስቁ ነበር።

በታኅሣሥ 1978 ታላቅ ወንድማቸው፣ የእኔ የጸሐፊው አባት ቄስ ሰጠኝ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ሊጠይቋቸው ወረዱ። ዶክተር ጋሻዬ የአባታቸው አሟሟት ትዝ ብሏቸው በመሣሪያው ሊያዩዋቸው ፈለጉ።

“ውሻ የነካውን በቀዳሽ ደረት? ተው ጋሻዬ፣ መቅደስ እገባበታለሁ” አሏቸው።

ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቢገባ ጠበል በሚረጭበት አገር ያደጉ ናቸውና፣ ታላቃቸውን መጫን ነውር መሰላቸው። ደሴ ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ቢለምኗቸው “ከጥምቀት በኋላ” አሉ። ለጥምቀት ሲመለሱ ጋሸና ላይ ከመኪና እንደወረዱ ወድቀው ቀሩ።

ከአርባቸው በኋላ ዶክተር ጋሻዬ እኛን የሟቹን ልጆች ሁሉ አስመጡን። የንስሐ አባታቸው ጸልየው መሣሪያው ላይ ጠበል ረጩበት። እኛም ተራ በተራ ደረታችንን ሰጠን። ታምሞ የተገኘው የእኔ ልብ ነበር፤ እስካሁን በመድኃኒት አለሁ። ዶክተር ጋሻዬ መሣሪያውን በራሳቸው ደረት ላይ ሲያሳርፉም ያንኑ አዩ። ከዚያ ወዲያ ሳቃቸው ቀረ፤ “ያ ጠበል ያኔም ነበረ” ይሉ ነበር።

ልባቸው እየደከመ ሄዶ ግንቦት 9 ቀን 1981 ዓ.ም. ዐረፉ። እናታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አሉ። ዘመድ ሁሉ ልቡን ሳያስመረምር እንዳይቆይ አደራ ብለውናል።

በፈቃዳቸው ከወንድማቸው ጎን እናኖራቸዋለን። አምላክ ነፍሳቸውን ከቄስ ሰጠኝ ነፍስ ያገናኝልን፤ ያን ጸጸት ከልባቸው ያውርድላቸው። አሜን።